ጠፈር ላይ የወጣ ገመና

ያን ዓርብ እስከዳር ዳባት ላይ ሚኒባስ ስትሳፈር ደስ ብሏት ነበር። ለምን ደስ አይላትም? እሁድ ሽማግሌ ይመጣል፤ ለዚያውም ለሁለተኛ ጊዜ። ባለፈው ዓመት አባቷ አቶ የሺዋስ፣ ደባርቅ ላይ የእህል መጋዘን ያላቸው ስመ ጥር ነጋዴ፣ "ልጄን ለበቅሎ ጎታች ልጅ?" ብለው የቢራራን ሽማግሌዎች ተቀመጡ እንኳ ሳይሏቸው ነበር የመለሷቸው። ቢራራ ተራራው ላይ ያለችው የቡይት ራስ መንደር ልጅ ነው፤ አባቱ እስከ ዛሬም የጎብኚ ጓዝ በበቅሎ ጭኖ ተራራ ይወጣል። እሷ ደግሞ ዳባት የምታስተምር የፊዚክስ መምህርት ናት። መሐላቸው ያለውን አጥር አቶ የሺዋስ ያጠሩት ቢሆንም፣ አገሩ ሁሉ ማገር ሆኖ አጥብቆት ነበር።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቢራራ ስሙ ወጥቷል። በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ አንድ የጠፈር ድራማ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ ወደ ድምፅ መጽሐፍ ቀይሮታል። ስሙን "ከጨረቃ ማዶ" ብሎ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ያወጣል። ምድር ደርቃ የሰው ልጅ በግዙፍ መርከብ ወደ ሌላ ዓለም ሲሰደድ የሚተርክ ነው። ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሰዉ ደባርቅ ካለችው የቢራራ ሱቅ እየሄደ በስልኩ ሚሞሪ ላይ ያስጭናል። ሊያስጭን የመጣም ሁሉ ስለ ታሪኩ የተሰማውን በማይክ ይናገራል፤ ቢራራ ደግሞ ያንን ሰብስቦ ከሚቀጥለው ክፍል መጨረሻ ላይ ይቀጥለዋል። ታሪኩን ትቶ አስተያየቱን ለመስማት የሚቸኩለው ብዙ ነው። ሰው የጎረቤቱን ድምፅ ከመርከብና ከጠፈር ቀጥሎ ሲሰማ እንዴት አይስቅ!

ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ አዲ አርቃይ በየሚኒባሱ የሚከፈተው ይኸው ትረካ ነው። እስከዳር የተሳፈረችበት የደርቤ መኪናም በዚህ ሳምንት የወጣውን ክፍል ከፍቷል።

"ዝም በሉ፣ ናርዶስ ልትናገር ነው!" አለ ሾፌሩ ደርቤ ድምፁን ከፍ እያደረገ።

ናርዶስ የታሪኩ ሴት ናት። ፍቅረኛዋን በበረዶ ሣጥን ውስጥ አስተኝተውባታል፤ መርከቧ እስክትደርስ አይነቃም። በቴሌቪዥኑ ላይ በመስታወቱ አሻግራ ዝም ብላ ታየዋለች፤ የምትናገረው በዐይኗ ብቻ ነው። እስከዳርና ቢራራ ያንን ትዕይንት ሱቁ ውስጥ ተጠጋግተው ሲያዩ እነሱም ቃል ሳይወጣቸው ተያይተው ቀርተው ነበር። አሁን ግን ናርዶስ አፍ አወጣች። የምታነብላት ሊያ የምትባል የጎንደር ልጅ ናት፤ እያንዳንዷን ቃል እየጎተተች፣ እየተቅለሰለሰች ቀጠለች።

"ጋቢህን አላጠብኩትም። አንገትህ ያረፈበት ቦታ ላይ ላብህ አለ። እንዳይጠፋብኝ በፌስታል ቋጥሬ አስቀምጬዋለሁ። ሲከፋኝ ፈትቼ አሸተውና መልሼ እቋጥረዋለሁ።"

የእስከዳር ፊት ነደደ። ቃሉ የሊያ አይደለም፤ የናርዶስም አይደለም። በክረምት መኪና ተበላሽቶባቸው ጉሙ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ ቢራራ ጋቢውን አውልቆ ደረበላት፤ ከዚያ ወዲያ በስልኳ ድምፅ ቀድታ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍና፣ እያንሾካሾከች የላከችለት የራሷ ቃል ነው። ሌላ ሰው ይሰማዋል ብላ ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም።

"እፍ!" አለች ከአምባ ጊዮርጊስ የተሳፈረች ነጋዴ አፍንጫዋን ይዛ። "ምን ዓይነቷ ቆሻሻ ናት እናንተዬ! የሰው ላብ ቋጥራ ታስቀምጣለች?"

"ቆይ ግን፣ ጠፈር ላይ ፌስታል ከየት መጣ?" አለ ከኋላ የተቀመጠ ወጣት።

"ከደባርቅ ገበያ ይዛ ወጥታ ነዋ!" አለ ደርቤ፤ መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

ከእስከዳር ጎን የተቀመጡ አንዲት እናት ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው "ምን ያስቃል?" አሉ። "አሳዳጊ የበደላት ናት። ሴት ልጅ እንዲህ ብላ ትናገራለች? ያስጸይፋል እንጂ።"

ሊያ ቀጠለች። "አባቴ እንቢ ያለ ዕለት ሞቱን ተመኘሁ። እሱ ቢሞት አንተን አገኝህ ነበር ብዬ አሰብኩ።"

ከዚያ ሙዚቃ ገባ። እስከዳር የሚከተለውን ቃል ጠበቀች፤ እሷ ስትልክለት ንግግሯ እዚያ ላይ አላበቃም ነበር። "ወዲያው ራሴን ፈራሁት፣ አለቀስኩም" ብላ ነበር የጨረሰችው። ያኛው የለም፤ ተቆርጧል።

አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም። ደርቤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ "ቱ!" አለ። "አባቷን! እንዲህ ያለችውን አውሬ ቢበላት ምን አለበት?" ሌላውም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" እያለ ተቀባበለው። እስከዳር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መኪና ሙሉ ሰው የውስጥ ልብሷን እየተቀባበለ የሚያገላብጥባት መሰላት፤ እስከ ደባርቅም አፏ ውስጥ የመረረ ነገር እንደያዘች ደረሰች።

ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ አንሙት የሚባለው የፓርክ ጠባቂ ማይኩን ጨብጦ አስተያየቱን እየሰጠ ነበር።

"ሳይንሱ ግሩም ነው። የመርከቧ ሞተር ሲነሣ ልቤን አናውጦታል፤ በቴሌቪዥን ካየሁት በድምፅ የሰማሁት ይበልጣል። ያቺ ናርዶስ ግን ትውጣልን። በቴሌቪዥን ሳያት ጨዋ ነበረች፤ አፏን ስትከፍት ግን አቅለሸለሸችኝ። የላቡን ነገር ስሰማ ራቴን ትቼ ነው የተነሣሁ።"

ቢራራ ከጠረጴዛው ወዲያ ሆኖ ሳቁን በእጁ አፍኖ ነበር። እስከዳርን ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። አንሙት ሚሞሪውን ተቀብሎ እስኪወጣ ጠበቀች።

"የተናገርኩት ላንተ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ እስኩ። ተቀመጪና ላስረዳሽ።"

"ምኑን ነው የምታስረዳኝ? አንተ እኮ እየሳቅህ ነበር።"

"በሱ ነው እንጂ ባንቺ ስቄ አይደለም!" ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገው። "ተመልከቺ፤ በቴሌቪዥን ላይ ካሜራው ዐይኗ ላይ ይቆያል፣ ሰዉም ሁሉን ነገር ይረዳል። በድምፅ ግን ዐይን የለም። ዝም ካለች ሰዉ ሚሞሪው ተበላሸ ነው የሚለው። ቃል ያስፈልገኝ ነበር። ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ስጽፍ ከረምኩ። ያንቺን ያህል እውነት የሆነ ነገር መጻፍ አቃተኝ።"

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ቢራራ ግን ይህን ሲል ዐይኑ ውስጥ ያንኑ የምታውቀውን የጉም ቀን ዐይን አየችው፤ ልቧም ሳይጠይቃት ወደ እሱ ዘመም አለ።

"ብትጠይቀኝስ?"

"እንቢ ትይኛለሽ ብዬ ነዋ።"

"እንቢ እንደምል ካወቅህ፣ እንቢ ብዬሃለሁ ማለት ነው" አለች። "መጨረሻውንስ ለምን ቆረጥከው? ማልቀሴን የት አደረግኸው?"

እዚህ ላይ ቢራራ መሬት መሬት አየ። "ካለቀሰችማ አድማጭ ይታረቃታል። የሚጸየፏት ሴት ናት የምታስወራ። አታይም? በየመኪናው፣ በየቤቱ እሷው ናት የምትወራው።" ከዚያ ቀና ብሎ እጇን ያዘ። "እስኩዬ፣ አባትሽ ሳይቀሩ ያዳምጡታል እኮ! መጋዘናቸው በር ላይ ሆነው 'ይህ ልጅስ ሰው ሆነ' ማለታቸውን ሰምቻለሁ። እሁድ እሺ ካሉ እሺ ያሰኘቻቸው ማን ይመስልሻል? አንቺው ነሽ። ክፉ የሚሉት ናርዶስን ነው፤ አንቺ መሆንሽን ከኔ ሌላ ማን ያውቃል? እስከ እሁድ ብቻ ቻይልኝ።"

ትችልለት ይሆን? ሰውየው የሰረቃትን ገመና ገበያ አውጥቶ ሸጦታል፤ በሸጠው ደግሞ እሷኑ ሊያገባበት ነው። ነገሩ ከእግሯ እስከ ራሷ አንገሸገሻት። እጇን ግን አልነጠቀችውም። ሱቁን ለቃ ስትወጣም ከቢራራ ይልቅ የተጸየፈችው እሱ መዳፍ ውስጥ ዝም ብላ የቆየችውን የገዛ እጇን ነበር።

ቅዳሜ አቶ የሺዋስ ምሳ እየበሉ ስልካቸውን ከሳህናቸው አጠገብ አቁመው ትረካውን ከፈቱ። እናቷ ወይዘሮ ካሳነሽ "ኧረ ገበታ ላይ ይቅር" ብትላቸውም አልሰሟትም። የናርዶስ ቦታ ሲደርስ ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መለሱት።

"ግሩም ትረካ ነበር፤ ይቺ ሴትዮ አበላሸችው" አሉ። "አባቷን ሞት የምትመኝ! ከዚህ ዓይነቷ ልጅስ መካንነት ይሻላል። አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ የልፋቱ ዋጋ ይኸ?"

እስከዳር ማስታጠቢያውን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። እሳቸውም እጃቸውን እየታጠቡ ቀና ብለው ፈገግ አሉላት። "የኔይቱ እንዲህ አይወጣትም። ተመስገን ነው።"

ውሃው በእጃቸው ላይ ፈሶ አለቀ፤ እሷ ግን ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች ቆማለች። "አለቀ እኮ እስኩ" አሏት ሳቅ ብለው። ክፍሏ ገብታ ከአልጋዋ ሥር ፌስታሉን ጎትታ አወጣችና ፈታችው። የጋቢው ጠረን ያው ነበር፤ ስንት ቀን ያጽናናት ያው ጠረን። አሁን ግን አፍንጫዋ ላይ ሳይደርስ የአምባ ጊዮርጊሷ ነጋዴ "እፍ!" ስትል ሰማች፣ ደርቤ ሲስቅ ሰማች። ፊቷን አዙራ መልሳ ቋጠረችው። በሰው ጆሮ ካለፈ ወዲያ ለእሷ የሚሆን ነገር አልተረፈበትም። የምትወደውን ነገር መጸየፍ ከማጣቱ ይልቅ እንደሚከፋ ያን ቀን አወቀችው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪጌታ ገሠሠ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ፊት ለፊት ቆሙ፤ አጠገባቸው ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ዘመነ ነበሩ። እንደ ወጉ ምላሽ ሳያገኙ አይቀመጡም። እስከዳር ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ከእናቷ ጋር ቆማ ታዳምጣለች፤ ልጅቱ በዚህ ሰዓት ብቅ አትልም።

"ጌታዬ፣ አምናም መጥተን ነበር፣ ዘንድሮም መጣን" አሉ መሪጌታ ቃላቸውን እያዘገሙ። "ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ከደጅዎ ቆመናል። ደጅ የሚጠና ተስፋ ያለው ነው።"

አቶ የሺዋስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አምና ክፉ ቃል ተናግሬያችኋለሁ። የሰው ልጅ አባቱ በሚነዳው ከብት አይመዘንም፤ ተሳስቼ ነበርና ይቅር በሉኝ። ልጁን ያላየሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን አገር አየው። አልከለክልም።"

ወይዘሮ ካሳነሽ የልጇን ክንድ ጨመቅ አደረገች። ስንት ዘመን የተጸለየለት ቃል ነበር። እስከዳርም ለአንድ አፍታ ሁሉንም ይቅር አለች፤ ሚኒባሱን፣ ሳቁን፣ የተቆረጠውን ልቅሶዋን ሁሉ። ቢራራ ቢያጠፋም ለእሷ ብሎ ነው አለች።

"አንድ ነገር ግን አለችኝ" ቀጠሉ አቶ የሺዋስ። "ያቺን ናርዶስ የሚሏትን ከትረካው ያውጣልኝ። አማቼ ተብሎ ያንን ጸያፍ ነገር ለሰው ሲያሰማ መስማት አልሻም።"

"ይህማ ምን ችግር አለው? አሁኑኑ እንጠይቀው!" አሉ ጋሽ ዘመነ ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ።

"ኧረ ይኸ ነውር ነው!" አሉ መሪጌታ ደንግጠው። "በሽምግልና መሐል ሙሽራ ይጠራል እንዴ?"

"ዘመኑ ነው መሪጌታ፤ ለአንዲት ቃል ተመላልሰን ከምንደክም" ብለው ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማም ድምፁን ለቀቁት።

የቢራራ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። "አቤት ጋሽ ዘመነ! እሺ አሉ?"

"ሊሉ ነው። ናርዶስን አውጣልኝ ነው የሚሉህ። አባቷን ሞት የምትመኝ ሴት ጸይፈዋል።"

እስከዳር ወደ መጋረጃው ተጠጋች። ብዙ አልጠበቀችም። ጥቂት ዝም ቢል ይበቃት ነበር። "እስቲ ላስብበት" ቢል፣ "ሴትዮዋ እኮ ክፉ አይደለችም" ቢል፣ ቢያንስ ድምፁ ለአፍታ እንቅ ቢለው እሷ እድሜዋን ሙሉ ባመነችው ነበር።

"እሷን? ዛሬውኑ ነዋ!" አለ ቢራራ እየሳቀ። "እኔም እኮ አስጠልታኛለች። በሚቀጥለው ክፍል በመርከቧ መስኮት አስወጥቼ እወረውራታለሁ። እንዲህ ያለችውን ቆሻሻ ሴት ማንስ ቤቱ ያስገባል? እንዲያው እንደዚህ ብሏል በሏቸው።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቶ የሺዋስም ሳቁና "እንግዲያው ተቀመጡ" ሊሉ እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘረጉ። መጋረጃው ያን ጊዜ ተገለጠ። ወይዘሮ ካሳነሽ የልጇን ነጠላ ይዛ ብትጎትትም እጇ ላይ የቀረው ነጠላው ብቻ ነበር።

"አባባ፣ አያስቀምጧቸው" አለች እስከዳር።

"ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ? ግቢ እንጂ" አሉ አባቷ በድንጋጤ።

"ናርዶስ የምትሏት ሴት እኔ ነኝ። ያንን ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ለእሱ ብቻ ነበር የነገርኩት። ጋቢውንም በፌስታል የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ያኛውንም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የእርስዎን።"

ከስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ። "እስኩ? እዚያ ነሽ እንዴ? እስኩዬ ስሚኝ፣ እኔ እኮ ለእኛ ብዬ ነው! እሺ እንዲሉልን ብዬ እንጂ ከልቤ አይደለም!"

ስልኩን ወደ ያዘው የጋሽ ዘመነ እጅ ጠጋ አለች። "ከልብህ አለመሆኑን አውቃለሁ። ከልብህ ብትጠላኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን እየወደድከኝ ነው ቆሻሻ ያልከኝ፤ ለአንዲት እሺታ ስትል። ስትሰርቀኝ ቻልኩት። ሰው ሲስቅብኝ አብረህ ስትስቅ እሱንም ቻልኩት። ቃሌን ለአገር ከሰጠህ አይቀር፣ አንድ ሰው እንኳ ሲጸየፈው ከጎኑ ትቆማለህ ብዬ ነበር። መቅለሽለሼን ታውቃለህ? ከላቡ አይደለም። ከድምፅህ ነው።"

"እስኩ፣ በእመብርሃን..."

"መስኮቱን ክፈትና ወርውራት፤ ትሂድ። እኔም ወዳንተ አልመጣም።" ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞራ አንገቷን ደፋች። "ይቅር በሉኝ መሪጌታ። ዛሬ የሚመልሳችሁ አባቴ አይደለም፤ እኔ ነኝ።"

ጋሽ ዘመነ ስልኩን ለመዝጋት ሲደናበሩ ቢራራ "እስኩ! እስኩ!" እያለ ሲጣራ ቆየና መስመሩ ተቋረጠ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሲያመሩ አፋቸው እንደለመደው "እግዜር ያጽናችሁ" አሉ። የልቅሶ ቤት ቃል መሆኑ ትዝ ሲላቸው ደንገጥ ብለው አጎንብሰው ወጡ።

አባትና ልጅ ቆመው ቀሩ። አቶ የሺዋስ ለሽማግሌዎቹ ባዘጋጁት ወንበር ላይ ራሳቸው ቁጭ አሉበት። ከንዴታቸው ይልቅ እርጅናቸው ፊታቸው ላይ ወጥቶ ታየ።

"ሽማግሌ የመለስኩ ዕለት ነው የተመኘሽው?"

"አዎ አባባ።"

"ያን ዕለት ማታ እግሬን በሙቅ ውሃ አጥበሽኛል። አስታውሳለሁ። ሞቴን ከመመኘትሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

"በፊት" ማለት ይቀል ነበር። "በፊት" ብትል አባቷ የተሰበረውን ነገር ቀጣጥለው የሚኖሩበት ቀዳዳ ያገኙ ነበር። እስከዳር ግን የተቆረጠ እውነት ምን እንደሚሠራ ከዓርብ ወዲህ አይታለች።

"በኋላ ነው።"

አቶ የሺዋስ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጥያቄው ከአፋቸው ለመውጣት ታገላቸው። "ሞቴን ተመኝተሽ ስታበቂ፣ እግሬን ለምን አጠብሽኝ?"

እስከ አሁን ያላለቀሰችው እስከዳር እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

"እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ" አለች።

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየችው፤ ንዴት ይሁን ልቅሶ አላወቀችም። ብትቀርባቸው ይገፏት እንደሆነም አላወቀች፤ ቢሆንም ቀረበች።